እየሄደ ጥፍት የሚል መኪና፦ ብልሽቱን አሳዶ መያዣ መመሪያ

ጨርሶ አልነሳም ያለ መኪና ለመካኒክ ቀላል ነው። ቆሞ ይጠብቃል፤ ቁጭ ብሎ መለካት ይቻላል። ራስ የሚያዞረው ሌላኛው ነው። እየሄደ ድንገት ጥፍት ይላል። ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ጋራዥ ሲደርስ ደግሞ፣ ሐኪም ቤት በር ላይ እንደሚጠፋ የጥርስ ሕመም፣ ምንም የለበትም። ከዚያ ግምት ይጀመራል። «እስቲ የነዳጅ ፓምፑን እንቀይረው» ይባላል። ይቀየራል። ከሳምንት በኋላ መኪናው እንደገና መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ቀጥሎ ኮይል (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው)፣ ቀጥሎ ካንዴላ (ብልጭታውን ሞተሩ ውስጥ የሚፈጥረው)። ባለቤቱ ገንዘቡን ይጨርሳል፤ ብልሽቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

እዚህ የምጽፈው ተቃራኒውን መንገድ ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ምን እንደጎደለው ማወቅ አለባችሁ። የቤንዚን ሞተር ለመሥራት አየር፣ ነዳጅና በሰዓቱ የሚመጣ ብልጭታ ይፈልጋል። ድንገት ጠፍቶ ቆይቶ የሚነሳ ሞተር ብዙውን ጊዜ ያጣው ነዳጁን ወይም ብልጭታውን ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት ካወቃችሁ ሥራው ከግማሽ በላይ አለቀ።

ከሁሉ በፊት፦ እንዳትጎዱ

ሞተሩ እየሄዳችሁ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ይጠነክራል። ግን ሁለቱም ይሠራሉ። የፍሬኑ ማገዣ ለአንድ ወይም ለሁለት ርግጫ የሚበቃ ጉልበት አስቀምጦ ይቆያል። ስለዚህ ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትርገጡት፤ አንዴ ረግጣችሁ ያዙት። መኪናው እስኪቆም ድረስ ቁልፉን ወደ መጨረሻው አታጥፉት፣ መሪው ሊቆለፍ ይችላልና። አደጋ ጠቋሚ መብራቱን አብርታችሁ ከመንገዱ ውጡ።

ስትመረምሩ ደግሞ ሁለት ነገር አስታውሱ። የካንዴላ ገመድ ላይ የሚመጣው ኃይል ከ20,000 ቮልት ሊበልጥ ይችላል። ድሮ መካኒኮች ገመዱን በእጃቸው ይዘው ብልጭታ ያዩ ነበር፤ እናንተ አትሞክሩት። ለዚህ የተሠራ የብልጭታ መሞከሪያ አለ፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ሁለተኛ፣ የነዳጅ ቱቦ ፈትታችሁ በዚያው ሰዓት ብልጭታ አትሞክሩ። እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር።

እንዴት ነው የጠፋው?

ብዙ ሰው «ጠፋ» ብሎ ያልፋል። አጠፋፉ ግን ብዙ ይናገራል።

ቁልፍ የተዘጋ ያህል በአንድ ጊዜ ቀጥ ካለ፣ ኤሌክትሪክ ጠርጥሩ። ከመጥፋቱ በፊት ካንገራገረ፣ ነዳጅ ስትሰጡት እየደከመ ከሄደ፣ መኪናው ወደፊትና ወደኋላ ከተነቃነቀ፣ ነዳጅ ጠርጥሩ። ነዳጅ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ኤሌክትሪክ ግን ወይ አለ ወይ የለም። ይህ ሕግ ፍጹም አይደለም፣ ግን መነሻ ይሆናል።

ሁለተኛው ምስክር ዙር ቆጣሪው ነው። በጣም የምወደው ፍንጭ ይህ ነው፤ ምንም አያስወጣም። መኪናው በማንዋል ማርሽ እየተንከባለለና ፍሪሲዮን ሳትረግጡ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ጎማዎቹ ሞተሩን እያዞሩት ነው። ስለዚህ ቀስቱ የተወሰነ ዙር ማሳየት አለበት። ሞተሩ እየዞረ ቀስቱ ወዲያው ዜሮ ላይ ከወደቀ፣ ወደ ኮይሉ የሚሄደው ምልክት ተቋርጧል ማለት ነው። ያኔ ክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው)፣ ኢግኒሽን ሞጁል (ኮይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው)፣ የዲስትሪቡተሩ (ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያድለው) የውስጥ ሴንሰር ወይም የቁልፉ ስዊች ላይ አተኩሩ። ቀስቱ ከመኪናው ፍጥነት ጋር አብሮ ቀስ ብሎ ከወረደ ግን ነዳጁን ተመልከቱ።

ሦስተኛው ዳሽቦርዱ ነው። ቁልፉ በርቶ ሞተር ሲጠፋ የዘይትና የባትሪ መብራቶች መብራት አለባቸው። ይህ ጤናማ ነው። ዳሽቦርዱ በሙሉ ከጨለመና ሬዲዮውም ዝም ካለ ግን ችግሩ ሞተሩ ጋ አይደለም። የባትሪ ጫፎችን፣ ዋናውን ፊውዝና የቁልፉን ስዊች ፈትሹ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ዳሽቦርዱ ስለበራ ብቻ የቁልፉ ስዊች ንጹህ ነው አትበሉ። በስዊቹ ውስጥ ያሉት መገናኛዎች የተለያዩ ናቸው፤ ለመብራቱ የሚሰጠው እየሠራ ለሞተሩ የሚሰጠው ሊያረጅ ይችላል።

መቼ ነው የሚጠፋው?

መኪናው ውስጥ ማስታወሻ ደብተር አስቀምጡ። በጠፋ ቁጥር ጻፉ፦ ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ? ነዳጁ ስንት ነበር? ዝናብ ነበር? መንገዱ ጎርባጣ ነበር? ለመነሳት ስንት ደቂቃ ፈጀ? ጥቂት ጊዜ ከተጻፈ በኋላ መልኩ ራሱ ይወጣል።

ሞቆ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ ክራንክ ሴንሰር፣ ኮይል፣ ሞጁል፣ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) እና የነዳጅ ፓምፕ ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ጉብታ ላይ ወይም ስትታጠፉ ከጠፋ የላላ ገመድ ፈልጉ። ዝናብና እርጥበት ከሆነ የካንዴላ ገመዶችና የዲስትሪቡተር ክዳን። ዳገት ላይ ወይም ረጅም መንገድ በፍጥነት ስትሄዱ ከደከመ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የደከመ ፓምፕ። ቆማችሁ ነዳጅ ሳትሰጡ፣ ሚኒሞ ላይ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የቆሸሸ የአየር መግቢያ፣ የሚኒሞ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ወይም የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ይሆናል። ተነስቶ በአንድ ወይም በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ሁልጊዜ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የስርቆት መከላከያው ቁልፉን አላወቀው ይሆናል፤ ሌላ ቁልፍ ካላችሁ በእሱ ሞክሩ።

ገንዘብ የማይጠይቀው ምርመራ

የባትሪውን ጫፎች በእጃችሁ ያዙና ለማዞር ሞክሩ። ከዞሩ ላልተዋል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካላቸው አጽዱ። ከባትሪው ኔጋቲቭ ተነስቶ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደውን ገመድ ተከተሉ። በቆዩ መኪኖች ላይ ይህ ገመድ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ የበሰበሰ ይሆናል። ለማረጋገጥ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ይዛችሁ ሰው ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻውን) እንዲመታ አድርጉ። ንባቡ ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት በላይ ከወጣ ገመዱ ወይም እስሩ ተበላሽቷል። ባትሪው ራሱ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ቢያሳይ ደህና ነው።

ከዚያ የመነቅነቅ ሙከራ። ሞተሩን አስነሱትና ሚኒሞ ላይ ተዉት። ኮፈኑን ከፍታችሁ ገመዶቹን፣ መሰኪያዎቹን፣ የፊውዝ ሳጥኑን አንድ በአንድ ነቅንቁ። ከሚሽከረከሩ ቺንጊያዎችና ፋን ራቁ። ቁልፉንም እንደተሰካ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ጎን አነቃንቁት። ሞተሩ ካንገራገረ ወይም ከጠፋ አገኛችሁት። ቸኩላችሁ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትነቅንቁ፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ብልሽቱ ለወር ሊደበቅ ይችላል።

የነዳጅ ክዳኑንም አትርሱ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ክዳኑን ስትከፍቱ አየር በኃይል ወደ ውስጥ ሲሳብ ከሰማችሁና መኪናው ወዲያው ከተነሳ፣ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል። ፓምፑ ነዳጅ ሲስብ በምትኩ አየር አልገባም ማለት ነው።

ጠፍቶ እምቢ ያለባት ደቂቃ

እዚህ ላይ የሁላችንም ደመ ነፍስ ይሳሳታል። ሞተሩ ሲጠፋ ወዲያው ሞተሪኖውን ደጋግመን እንመታለን፤ ሲነሳ እፎይ ብለን እንሄዳለን። ማስረጃው እዚያው ቀረ። ቦታው አደገኛ ካልሆነ አንዴ ሞክሩ። ካልነሳ ደስ ይበላችሁ፤ ብልሽቱ አሁን እጃችሁ ላይ ነው። ከመቀዝቀዙ በፊት ያላችሁ ጊዜ አጭር ስለሆነ ዕቃዎቹ መኪናው ውስጥ ይዘጋጁ፦ የብልጭታ መሞከሪያ፣ የ12 ቮልት መሞከሪያ መብራት፣ ቴስተር፣ የእጅ ባትሪ።

መጀመሪያ ቁልፉን አብሩና ጆሯችሁን ስጡ። በአብዛኞቹ ኢንጀክሽን መኪኖች (ነዳጁን ኢንጀክተር በሚባል መርጫ የሚረጩ) ፓምፑ ለሁለት ሴኮንድ ያህል እምም ብሎ ዝም ይላል። በአንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ግን ፓምፑ የሚነሳው ሞተሪኖ ሲመታ ብቻ ስለሆነ፣ መኪናችሁ ጤነኛ በነበረ ጊዜ ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረው አስቀድማችሁ እወቁ።

ቀጥሎ ብልጭታ። መሞከሪያውን በአንዱ የካንዴላ ገመድ ጫፍና በሞተሩ ብረት መካከል አስራችሁ ሰው ሞተሪኖ ይምታ። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ካለ ወደ ነዳጅ ሂዱ። ከሌለ ኮይሉ ፖዘቲቭ ላይ 12 ቮልት መድረሱን በመብራቱ እዩ። እዚያ ኤሌክትሪክ ካልደረሰ ኮይሉን አትክሰሱ፤ ወደ ቁልፉ ስዊች፣ ፊውዝና ሪሌይ ተመለሱ። ከደረሰና ብልጭታ ከሌለ ኮይሉ፣ ሞጁሉ ወይም ምልክት ሰጪው ሴንሰር ነው።

ብልጭታ ካለ፣ ለኢንጀክተሩ የሚመጣውን ምልክት በትንሽ የኢንጀክተር መሞከሪያ መብራት እዩ። ሞተሪኖ ሲመታ ብልጭ ድርግም ማለት አለበት። እሱም ካለ የነዳጅ ግፊት ለኩ። በብዙ ባለ ኢንጀክሽን መኪኖች ከ2.5 እስከ 3.5 ባር ይሆናል፤ ካርቡራተር ላላቸው ግን ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ብቻ ነው። ትክክለኛው ቁጥር የመኪናችሁ መመሪያ ላይ አለ።

ብልጭታውም የኢንጀክተሩ ምልክትም በአንድ ላይ ከጠፉ በጣም ጥሩ ፍንጭ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ክራንክ ሴንሰሩ፣ ኮምፒውተሩና የኮምፒውተሩ ዋና ሪሌይ ናቸው። ፓምፕ ለመግዛት ወጥታችሁ ከነበረ ተመለሱ።

ወዲያው እየተነሳ ካስቸገረ

ለመለካት ጊዜ የማይሰጥ መኪና አለ። ለግማሽ ሴኮንድ ይጠፋና ይመለሳል። እዚህ ላይ ያለኝ ምርጥ ዘዴ ሁለት ትንንሽ አምፖል ነው።

ከ5 ዋት ያልበለጡ ሁለት የ12 ቮልት አምፖሎች ውሰዱ። የአንደኛውን ገመድ ከኮይሉ ፖዘቲቭ አውጡ፤ የሁለተኛውን ፓምፑ ከሚመገብበት ገመድ። የሁለቱንም ሌላኛ ጫፍ ከቦዲው ጋር እሰሩ። መነሻቸው ላይ የ2 አምፔር ፊውዝ አስገቡ፣ ገመዱ ቢላጥ እሳት እንዳያስነሳ። አምፖሎቹን ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉና ምልክት አድርጉባቸው። የሴንሰርና የኮምፒውተር ገመዶች ላይ ግን አምፖል አትሰኩ፤ ልታቃጥሉ ትችላላችሁ።

አሁን ንዱ። አምፖሎቹን የሚያየው ሌላ ሰው ይሁን፤ የሾፌሩ ዓይን መንገድ ላይ ነው።

ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱም አምፖሎች አብረው ከጠፉ የቁልፉ ስዊች ወይም ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። የኮይሉ ብቻ ከጠፋ የኮይሉን መስመር ተከተሉ። የፓምፑ ብቻ ከጠፋ ግን አትቸኩሉ። ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን የሚያይበት ምልክት ከተቋረጠ፣ ፓምፑን ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አምፖሉ ጠፍቶ ከዚያ ሞተሩ ከደከመ ሪሌዩ ወይም ገመዱ ነው። ሞተሩ መጀመሪያ ጠፍቶ አምፖሉ ከአንድ ሁለት ሴኮንድ በኋላ ከጠፋ ፓምፑ ተከሳሽ አይደለም።

ሁለቱም እንደበሩ ሞተሩ ከጠፋስ? ኤሌክትሪክ ደርሷል፤ ዕቃዎቹ ራሳቸው አልሠሩም። ኮይል፣ ሞጁል፣ ሴንሰር፣ ወይም ኤሌክትሪክ እያገኘ የማይገፋ ፓምፕ። አጠፋፉ ድንገተኛ ነበር ወይስ ቀስ ያለ? ወደ መጀመሪያው ማስታወሻችሁ ተመለሱና ጥርጣሬውን አጥብቡት።

ተደጋግመው የሚያዙት

ክራንክ ሴንሰር። በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ይለያያል፤ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ሞቆ ጠፍቶ እምቢ ሲል ሴንሰሩ ላይ ብቻ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱና ሞክሩ። ወዲያው ከተነሳ ሌላ ምስክር አያሻም። ማርሚታውና የጋለው ብረት ላይ ግን አታፍሱ።

ሞጁልና ኮይል። እነዚህም የሙቀት በሽተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተሠሩ ብዙ ፎርዶች ላይ ሞጁሉ ዲስትሪቡተሩ ጎን ላይ ተለጥፎ ስለነበር ሙቀቱ በቀጥታ ይደርሰው ነበር፤ በመንገድ ላይ ድንገት በመጥፋት ይታወቃሉ። አዲስ ሞጁል ስትገጥሙ ከሥሩ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ካልቀባችሁ አዲሱም አይቆይም።

በዲስትሪቡተር ውስጥ ያሉ ቀጫጭን ገመዶች። ይህን ብዙ ሰው ያልፈዋል። ቫኪዩም አድቫንስ (በሞተሩ የአየር መሳብ የብልጭታውን ሰዓት የሚያስተካክል) ባላቸው ዲስትሪቡተሮች ነዳጅ በሰጣችሁና በለቀቃችሁ ቁጥር የውስጡ ሳህን ትንሽ ይዞራል፤ ገመዱም አብሮ ይታጠፋል። ከዓመታት በኋላ ፕላስቲኩ ደህና ሆኖ ውስጡ ይበጠሳል። ነዳጅ ስትሰጡ ወይም ስትለቁ የሚጠፋ ከሆነ እዚህ ነው። በቴስተር ኦም እየለካችሁ ገመዱን በቀስታ ሳቡት። ፑንቲና (የኮይሉን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ) ባላቸው በጣም የቆዩ መኪኖች ደግሞ ኮንዴንሰሩ ሲሞቅ ይሞታል። ርካሽ ስለሆነች አንድ መለዋወጫ መያዝ አይጎዳም።

ሪሌይ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሆንዳዎች ላይ ፓምፑንና ኮምፒውተሩን የሚመግበው ዋና ሪሌይ ዝነኛ ነው። ውስጡ ያለው ብየዳ በዓይን በማይታይ መጠን ይሰነጠቃል። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም አልነሳም ይላል፤ ሲበርድ ይነሳል። ሳጥኑን ከፍቶ እንደገና መበየድ ይቻላል።

የቁልፍ ስዊች። በቁልፋችሁ ላይ የቤቱን፣ የቢሮውንና የሳጥኑን ሁሉ ካንጠለጠላችሁ አውርዱት። እ.ኤ.አ. በ2014 ጄኔራል ሞተርስ እንደ ሼቭሮሌ ኮባልት ያሉ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና መልሶ የጠራው በቁልፍ ስዊች ችግር ነው፤ ስዊቹ በቀላሉ ከቦታው እየወጣ ሞተሩን ያጠፋ ነበር፤ ኤርባጉንም ጭምር። የመኪናችሁ ስዊች ሌላ ቢሆንም፣ የመኪናውን ቁልፍ ብቻ ይዞ መሄድ ቀላል ሙከራ ነው።

ፓምፕና ታንክ። የጠፋ ፓምፕ ታንኩን ከሥር በጎማ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ስትመቱት ከተነሳ ፓምፑ አርጅቷል። ሌላው ታንኩ ውስጥ ያለ ቆሻሻ ነው። መሳቢያው አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ሞተሩ ይጠፋል፤ ስትቆሙ ተላቆ ይወርዳል፣ ሞተሩም ይነሳል። ነዳጅ ሲያንስ የሚብስ ከሆነ ታንኩን አውርዶ ማጠብ እንጂ ፓምፕ መቀየር አይፈውሰውም።

እርጥበት ላይ ለሚጠፋ ሞተር ጨለማ ይጠቅማል። ማታ ሞተሩን አስነስታችሁ የካንዴላ ገመዶቹ ላይ ውኃ በስሱ ርጩ፤ በእጃችሁ ግን አትንኩ። ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ብረቱ ሲዘል ካያችሁ የትኛው ገመድ እንደሆነ ነግሯችኋል። የዲስትሪቡተሩን ክዳን ከፍታችሁም ውስጡ ላይ የእርሳስ ጭረት የሚመስል ጥቁር መስመር ፈልጉ። ካለ መጥረግ አያድነውም፣ ይቀየር።

ኮዱስ?

ቼክ መብራት ከበራ ኮምፒውተሩ ያስቀመጠውን የብልሽት ኮድ በማንበቢያ አንብቡት፣ ግን በጭፍን አትመኑት። ፒ0335 ካለ የክራንክ ሴንሰር መስመር ነው፤ ሴንሰሩ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ የተላጠ ገመድም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜም ለአፍታ የሚጠፋ ብልሽት ምንም ኮድ አይተውም። «ኮምፒውተሩ ምንም የለም አለ» ማለት ምንም የለም ማለት አይደለም። ማንበቢያው የሞተሩን ዙር በቀጥታ ማሳየት ከቻለ ግን ጠቃሚ ነው፦ ሞተሪኖ እየመታ ዙሩ ዜሮ ከሆነ ኮምፒውተሩ ክራንኩን እያየው አይደለም።

ናፍጣ ከሆነ

ብልጭታ ስለሌለ መንገዱ ያጥራል። በቆዩ ናፍጣዎች ሁለት ነገር ቅድሚያ ይሰጠው። ድንገት ቀጥ ካለ፣ ኢንጀክሽን ፓምፑ ላይ ያለችው ነዳጅ የምትዘጋ የኤሌክትሪክ ቫልቭና ገመዷ። ቀስ ብሎ ከደከመ፣ ፊልትሮና ወደ ነዳጁ የሚገባ አየር። በፓምፑ መግቢያ ላይ ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ለጊዜው ብትገጥሙ የአየሩ አረፋ ሲያልፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ፊልትሮው ሥር ውኃ ካለም አፍስሱት።

ከጠገናችሁ በኋላ

አንድ ዕቃ ብቻ ቀይሩ። ሦስት በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደፈወሰው አታውቁም፣ ሁለቱን ያለ ጥፋታቸው ጥላችኋል። አሮጌውን ዕቃ ወዲያው አትጣሉ፤ አዲሱ ጥራት ከጎደለው ወደ አሮጌው መመለስ ሊያስፈልግ ይችላል። አምፖሎቹንም ወዲያው አትንቀሉ። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የጻፋችሁትን ሁኔታ ደግማችሁ ፍጠሩ፦ ሙቀት ከሆነ አሙቁት፣ ዳገት ከሆነ ዳገቱን ውጡ፣ ጎርባጣ መንገድ ከሆነ በዚያው ሂዱ። በዚያ ሁኔታ ደጋግሞ ካልጠፋ ያን ጊዜ አምፖሎቹን አውርዱ፣ የቀጠላችሁትንም የገመድ ጫፍ በደንብ ሸፍኑ።